በመጨረሻው ገጽ የቀሩ ስሞች

ያኔ ናዝሬት እንደዛሬው የተንሰራፋች ከተማ አልነበረችም። ከባቡር ጣቢያው ወርዶ በጋሪ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የከተማውን ግማሽ ሰላም እያለ ይደርስ ነበር። ከሰላምታዎቹ ሁሉ የሚረዝመው ታዲያ የመምህር ሰንበታ ጎበና ሰላምታ ነው። አንድ ወሬ ጣል ያደረጉለት እንደሆነ ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ፣ «መልካም፤ ከማን ሰማኸው?» ይላል። «ከእከሌ» ቢሉት፣ «እሱስ ከማን?» ብሎ ይቀጥላል። ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይቀልዱበት ነበር። አንዱማ፣ «ጋሼ ሰንበታ፣ ፈረሴ ዛሬ አሞታል። የሰማሁትም ከራሱ ከፈረሱ ነው!» ብሎት መንገደኛውን ሁሉ አስቆታል። ሰንበታም አብሮ ስቆ፣ «ምንጩማ የታመነ ነው» አለና አለፈ።

ይህን ጠባይ ያመጣው ከአርሲ፣ ከሁሩታ ነው። አባቱ አቶ ጎበና ስንዴና ገብስ የሚዘሩ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸውም እንግዳ አያጣውም። ከእንግዶቹ መካከል ያለፈውን ዘመን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ሲመጡ ልጆቹ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለውን አዋቂ በኦሮምኛ «አርጋ ደጌቲ» ይሉታል፤ ያየና የሰማ ማለት ነው። አዋቂው ነገሩን ከመጀመሩ በፊት ከማን እንደሰማ፣ ያም ከማን እንደሰማ እየቆጠረ ይወርዳል። ስም ሳይጠራ በቀጥታ ወደ ታሪኩ የገባ ሰው እንደሆነ አድማጮቹ ፊታቸውን አዙረው ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። የሞቱት ሰዎች በዚያ ቆጠራ ውስጥ በየስማቸው ሲጠሩ ለትንሹ ሰንበታ በሩ ላይ ቆመው የሚሰሙ ይመስሉት ነበር።

ቄስ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ አሰላ፣ ቀጥሎ የመምህራን ማሠልጠኛ። በመጀመሪያ የተመደበው ቡልቡላ ነበር፤ ከዝዋይ ወረድ ብላ በመኪና መንገዱ ዳርና ዳር የተሰለፈች ትንሽ ከተማ። በኋላ ወደ ናዝሬት ተዛወረ፣ ይርጋለምን አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ጂኦግራፊ እያስተማረ ኖረ። ለውጡ መጣ፤ ከለውጡ ጋር ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ ከዚያም ማንም ስሙን ጮክ ብሎ የማይጠራው ያ የቀይ ሽብር ጊዜ። ያ በመጠኑ ጋብ ሲል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ የሸንኮራ ቆራጩ ሁሉ ፊደል ቆጠረ። ችግሩ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የሚያነቡት ነገር መጥፋቱ ነበር።

ሰንበታ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አሰበ። የስምጥ ሸለቆውን ከተሞች፣ ወንዞች፣ ሐይቆች፣ ዛፎችና ነፋሶች በፊደል ተራ አስቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀ ሊያሰራጭ። ሀ ብሎ ከሁሩታ ይጀምራል፤ ሞጆ አለ፣ ቡልቡላ አለ፣ ወንጂ አለ፣ ግራር አለ። የሚያውቀውን ከራሱ፣ የማያውቀውን ከሚያውቁት ጠይቆ ጻፈ። «የአገራችን ማወቂያ» አለው። በመጀመሪያው ገጽ ላይም እንዲህ ሲል አሰፈረ፦

«ይህን ጽሑፍ የፈለገ ሁሉ ያንብብ፣ ይገልብጥ፣ ያባዛ፤ ዋጋም ፈቃድም አይጠየቅበትም። የነጋሪዎቹ ስም ግን አብሮ ይጻፍ። የለወጠው ነገር ቢኖርም መለወጡን ይናገር።»

ስለ ቡልቡላ ወንዝ የሚናገረው ጽሑፍ የሰንበታ አልነበረም፤ የጫላ ነው። ጫላ በቡልቡላ ያስተማረው ልጅ ነበር፤ በኋላ ናዝሬት መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር እሱው ቤት እየበላ ነው ያደገው። በአንድ የክረምት ዕረፍት ወንዙን ከዝዋይ አፉ እስከ አብያታ መግቢያው በእግሩ ሄደበት፤ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር እያደረ፣ እረኞችን እየጠየቀ። ሲመለስ ጽሑፉን ለመምህሩ ሰጠው። «ወንዙ ከዝዋይ ሐይቅ ጣፋጭ ሆኖ ይወጣል፤ አብያታ ገብቶ ጨው ይሆናል» ይላል መጀመሪያው። ሰንበታ ብዙ ተማሪ አስተምሯል፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያስደሰተችው ግን የለችም። ከዚያ በኋላ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ጫላን አንድ ማለዳ ከጓደኞቹ ጋር ወሰዱት። አልተመለሰም።

ሰንበታ ጽሑፉን ከማባዛቱ በፊት እናትየውን ለማስፈቀድ ቡልቡላ ወረደ። እናትየው አዴ ሎሚ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሎሚ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ግባ ባርሲሳ፣ ግባ።» እስከ መጨረሻው ባርሲሳ እንዳሉት ነው፤ መምህር ማለታቸው ነው።

የመጣበትን ነገራቸው።

«አስከሬኑን አልሰጡኝም» አሉ አዴ ሎሚ። «ለቅሶም እንዳትቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ጎረቤት በበሬ ሲያልፍ ስሙን እንዳያነሳ ይሮጣል። እኔም ከሰው ጋር ስሆን ‹ልጅ ነበረኝ› እላለሁ እንጂ ስሙን አልጠራም። አንተ ትጽፈዋለህ?»

«እጽፈዋለሁ።»

«የሚነበብ ቦታ?»

«በየመንደሩ ይነበባል።»

«እንግዲያው ጻፈው። እኔም እማራለሁ። ይቺ ጉዲቱ የምትባል ልጅ በግራሩ ስር የምታስተምረው ጋ እገባለሁ። ስሙን በገዛ ዓይኔ እስካየው እማራለሁ።» ሰንበታም በእናቱ ፊት እንደሚምል ልጅ ቃል ገባላቸው።

የትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል ሠራተኛ መሐመድዘይን የሐረር ሰው ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ በጥቁር ቀለም የተነከረ፣ አፉ ሁልጊዜ በቀልድ የተሞላ። ሰንበታ በየጽሑፉ ግርጌ «ነጋሪ፦ እከሌ፣ ከእዚህ አገር፤ የሰማውም ከእከሌ» እያለ መጻፉን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«መምህር፣ ይሄ ማወቂያ ነው የዕድር መዝገብ?»

«ምን አስቸገረህ?»

«ስቴንስሉ ነዋ! የቀረን የማባዣ ሰም ወረቀት በጣት የሚቆጠር ነው። ለወንጂ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ሦስት መስመር ዘመድ አዝማድ! እኔ የምልህን ስማ፤ ስሞቹን ሁሉ ሰብስበህ በመጨረሻው ገጽ ላይ አድርጋቸው። አንድ ስቴንስል ይበቃቸዋል። ማን ይነቅላቸዋል?»

ሰንበታ አንገቱን ነቀነቀ። ስም ከነገሩ ሲርቅ ደስ አይለውም። ስቴንስሉ ግን እውነትም ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ወረቀቱም የተለመነ ነው። እሺ አለ። ስሞቹ ከነገሮቻቸው ተለይተው በመጨረሻው ገጽ በአንድነት ተሰለፉ፤ ጫላም ከመካከላቸው።

ማወቂያው ከታሰበው በላይ ሄደ። የወንጂ ሸንኮራ ቆራጮች በየካምፓቸው አነበቡት፤ መተሐራ ደረሰ፤ ሞጆ ላይ የጭነት መኪና ነጂዎች ወንበር ስር ተገኘ። እያንዳንዱ ከሌላው ይገለብጣል፤ የገለበጠውም ለሌላ ያስገለብጣል። ይህን ሲሰማ ሰንበታ ሲያስተምር ድምፁ እንኳ ወፈር ይል ነበር። ነገር ግን በአምስት ሽቦ ማሠሪያ የተያዘ ወረቀት ከእጅ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚቦጨቀው የመጨረሻው ገጽ መሆኑን ልብ አላለም። ልብ ያለ ሰውም አልነበረም፤ አዴ ሎሚ ገና ማንበብ ሳይችሉ ቡልቡላ የደረሰችው ቅጂም ያ ገጽ ተቦጭቆባት ነበር።

በዓመቱ ከአዲስ አበባ አንድ ጭነት መጽሐፍ መጣ። አንድ የንባብ መጻሕፍት አዘጋጅ ክፍል ነው ያሳተመው። ሽፋኑ ላይ ማጭድ የያዘች ገበሬና ፀሐይ አሉ፤ ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ጥርት ያለ። ርእሱ «የአገራችን ማወቂያ»። መሐመድዘይን አንዱን ይዞ በሩጫ ወደ ክፍሉ ገባ።

«መምህር! ያንተ ነው! በማተሚያ ቤት ታትሞ!»

ሰንበታ መጽሐፉን ተቀብሎ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። የማተሚያ ቤቱ ማኅተም አለ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ መለስ አለ፤ ባዶ ገጽ። ወደ መጀመሪያው ሄደ፤ «ከሰፊው ሕዝብ እውቀት የተጠናቀረ» ይላል። የእሱ ስም የለም፤ ለዚህ ግድ አልሰጠውም። የነጋሪዎቹም የለም። ያቺ «የፈለገ ሁሉ ይገልብጥ» የምትለው ቃልም ከነሐሳቧ ጠፍታለች። መጽሐፉን ዘጋው። ውስጡን አላነበበም፤ ጽሑፉንማ በቃሉ ያውቀዋል፣ ምን ብሎ ያነበዋል።

«እንኳን ደስ አለህ አልልህም» አለ መሐመድዘይን ፊቱን አይቶ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ገጽ ላይ አድርጋቸው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«እሺ ያልኩህ ደግሞ እኔ ነኝ» አለ ሰንበታ።

በዚያው ሳምንት ሚስቱ ይርጋለም ለመጽሐፉ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ እንደሆነ ስታውቅ፣ «ስለ ሌሎቹ ጠይቅ፤ ስለ ሞጆው፣ ስለ ወንጂው ሰው ጠይቅ። የዚያን ልጅ ስም ግን በቢሮ ውስጥ እንዳታነሳ፤ ልጆች አሉህ» አለችው። «እሱም ልጅ ነበር» ብሎ ወጣ።

የአዘጋጅ ክፍሉ ኃላፊ ኃይለየሱስ ሆኖ ተገኘ፤ ማሠልጠኛ አብረው በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የተኙ ሰው። ካኪ ለብሷል፣ ወፍሯል፣ ሳቁ ግን ያው ነው።

«ሰንበታ! አንተ ‹ከማን ሰማኸው› ባይ! ና ተቀመጥ!»

«ጓድ ኃይለየሱስ፣ ስለ መጽሐፉ ነው።»

«እኔን ደግሞ ጓድ ትለኛለህ? መጽሐፉ አማረ አይደል?»

«አማረ። ስሞቹ የሉበትም።»

«የምን ስሞች?» አለ ኃይለየሱስ፤ የእውነቱንም ነበር። እጁ ላይ የደረሰው ቅጂ የመጨረሻ ገጽ አልነበረውም፤ ከአሥር እጅ በኋላ የደረሰ ግልባጭ ነው። ሰንበታ ያንን ገጽ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። ኃይለየሱስ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች አነበበው።

«ወንድሜ፣ አሁን ጊዜው የግለሰብ ስም የሚለጠፍበት አይደለም። እውቀቱ የሕዝብ ነው።»

«የሕዝብ ነው፤ ለዚህ ነው በነጻ የሰጡት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንደሰጠ ይነገር።»

ኃይለየሱስ ጣቱን ከስም ወደ ስም ሲያወርድ ቆይቶ አንዱ ላይ ቆመ። ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገ።

«ይሄ የቡልቡላው... እነማን ጋር እንደነበር ታውቃለህ?»

«ስለ ወንዝ ነው የጻፈው።»

«ስለ ፈለገው ይጻፍ! በመንግሥት መጽሐፍ ላይ የእነሱን ስም ላትም? እኔስ ነገ የት ልገኝ?» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ይህን ስም ዛሬ አላየሁትም፤ አንተም አላሳየኸኝም። ስማ፣ አብረን እንጀራ ቆርሰናል። ሌሎቹን በሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ እሰጥሃለሁ። ለወንዙ ደግሞ የእናቱን ስም እናድርግ። ‹ነጋሪ፦ ሎሚ፣ ከቡልቡላ።› አሮጊት ናት፤ ማን ይነካታል? ከዚህ በላይ አልችልም፤ በእናትህ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።»

ሰንበታ መንገዱን ሁሉ አሰበበት። የእናት ስም የልጅ ስም አይደለም፤ ሆኖም ከምንም ይሻላል፣ ከጎኑ የቆመ ሰው ስም ነው። የሁሩታ ሽማግሌዎች ሲቆጥሩም እናቶች ይጠሩ ነበር። እንዲህ እያለ ራሱን ያባብላል፤ መልሶ ደግሞ ልቡ ይሰበራል። ናዝሬት አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ቡልቡላ ወረደ። ሞጆ ላይ አውቶቡስ ቀየረ፤ መቂን፣ ዝዋይን አልፎ ከሰዓት በኋላ ደረሰ።

በግራሩ ስር ትምህርት ላይ ነበሩ። ሽማግሌዎች በድንጋይ ላይ፣ ሴቶች በቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ጉዲቱ፣ በዘመቻው ልታስተምር የተመደበችው ለጋ ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ከግንዱ ላይ ሰቅላለች። የሚነበበው ያ አዲሱ መጽሐፍ ነው። የማንበቡ ተራ የአዴ ሎሚ ነበር። ሰንበታ ከኋላ ሆኖ ቆመ።

አዴ ሎሚ መጽሐፉን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ ሄዱ። «የ... ቡል... ቡላ... ወንዝ...» ድምፃቸው እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደሚጸልይ ሰው ነበር። «ከ... አብያታ... ሐይቅ... ተነስቶ... ወደ ዝዋይ... ሐይቅ... ይገባል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። «እሰይ! እንግዲህ ከብቶቻችንን ዳገት ወጥተን ነው የምናጠጣው!»

ሌላው ተቀበለው፤ «ዝዋዮች ጨው ሲጠጡ ሊታየኝ ነው!» ሁሉም ሳቀ።

«አባባ፣ መጽሐፉ የሚለውን እናነባለን፤ ጸጥታ!» አለች ጉዲቱ፤ ግን እሷም ፊቷ ቀልቷል። ወንዙ ከግራሩ ማዶ ይታያል።

አዴ ሎሚ አልሳቁም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ገጹን ገለበጡ፤ የሚቀጥለው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ወደ ኋላ መለሱት። እንደገና ገለበጡ።

ትምህርቱ ሲያበቃ ሰንበታን አዩት። መጽሐፉን እንደያዙ መጡ።

«ባርሲሳ፣ ይህን ጫላ ነው ያለው?»

ሰንበታ መጽሐፉን ተቀብሎ ያኔ ገና አነበበው። እውነትም ተገልብጧል። ያቺ የጣፋጩና የጨው ዓረፍተ ነገር ወጥታለች። አንድ አራሚ ካርታውን ሳያይ ይሁን፣ አንዱ ገልባጭ ተሳስቶ ይሁን፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የለወጠው ሰው ስም አልተጻፈማ።

«አላለም። ለውጠውበት ነው።»

«ስሙስ?»

ሰንበታ አዲስ አበባ የሄደበትን፣ የተባለውን ሁሉ ነገራቸው። የእናት ስም እንደሚገባ ሲነግራቸው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«የኔ ስም? እዚህ ላይ?» አሉ ጽሑፉን እያሳዩት። «ሎሚ ወንዙ ሽቅብ ይሄዳል አለች ተብሎ?»

«ያስተካክሉታል፤ እጠይቃለሁ።»

«ስለ ስሙም ጠይቀሃል።»

አዴ ሎሚ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«ስማኝ ባርሲሳ። ከእንግዲህ ወዲያ ስሙን እናስገባ ቢሉህ እንኳ እምቢ በል። ልጄ እግሩ ቆስሎ፣ በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሲያነብ ምን ይላል? ጫላ ዋሸ ይላል። ገድለውት ደግሞ ውሸታም ያድርጉት?»

ሰንበታ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረው እስክሪብቶውን አወጣ። የተገለበጠውን መስመር ሰረዘና ከላዩ ላይ የልጁን ቃል ጻፈ፤ ከዝዋይ ጣፋጭ ሆኖ ይወጣል፣ አብያታ ገብቶ ጨው ይሆናል። ከግርጌው ደግሞ፣ «ነጋሪ፦ ጫላ» ብሎ ጨመረ። መጽሐፉን መለሰላቸው።

አዴ ሎሚ ጣታቸውን ከፊደሉ ስር አድርገው፣ «ጫ... ላ» አሉ። ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«በሌሎቹ ላይስ ትጽፋለህ?» አሉት። «ዝዋይ ባሉት? መቂ ባሉት?»

«አልደርስባቸውም፣ አዴ ሎሚ።»

«አዎ፣ አትደርስባቸውም።» ወደ ግራሩ ዞር ብለው አዩ። ጉዲቱ መጻሕፍቱን እየሰበሰበች ነበር፤ መጻሕፍቱ የቀበሌ ናቸው፣ ማታ ማታ ወደ ቢሮ ይመለሳሉ፣ የጎደለ ወይም የተበላሸ እንዳለ ይታያል።

«ይህን ቢያገኙባት ምን ትላለች?» አሉ አዴ ሎሚ። «ልጅ ናት። እናት አላት።» መጽሐፉን መልሰው ሰጡት። «ሰርዘው።»

«አዴ ሎሚ...»

«ሰርዘው፣ ባርሲሳ። እኔ አይቼዋለሁ። ሰርዘው፤ እንዳይነበብ አድርገህ ሰርዘው።»

ሰንበታ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሰረዘው። አንድ ጊዜ ሲሰርዘው ፊደሉ ከስር ይታያል፤ ደገመው፤ ሰለሰው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ድረስ። የጫላን ዓረፍተ ነገርም እንደዚያው አደረገ። ሲጨርስ በገጹ ላይ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። አዴ ሎሚ አይተው፣ «ቀለም ፈሰሰብኝ እላለሁ» አሉ።

«ነገ ይመጣሉ? ለትምህርቱ?» አለ ሰንበታ።

«ምን ላነብ?»

ሄደው መጽሐፉን ለጉዲቱ ሰጧት። ልጅቷም ሳትገልጠው ከሌሎቹ ላይ ደርባ በሲባጎ አሰረችው።